በስካነር የተነሡ ወረቀቶችን በሩቅ ወዳለ ኮምፒዩተር ስለ ማድረስ

መግቢያ

ባለፈው ክረምት እኛ ሦስት ተማሪዎች ቀድሞ ወደ ተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደን የድሮዎቹን የተማሪዎች መዝገቦች በስካነር ስናነሣ ሰነበትን። መዝገቦቹ የተማሪውን ስም ከነአባቱ፥ ትምህርት ቤት የገባበትን ዓመትና የየትምህርቱን ውጤት የያዙ ወፍራም ደብተሮች ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎች ለሥራ፥ ለጡረታ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ የትምህርት ማስረጃ ሲያስፈልጋቸው የሚታየው ይኸው መዝገብ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ወረቀቱ ግን ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙም ሲነኩት ይፈረፈራል። ከተማሪነታችን ጀምሮ «ጋሼ» ብለን የምንጠራቸው መዝገብ ጠባቂ ቁልፉን ሲሰጡን፥ «ልጆቼ፥ ይህ ደብተር ሁለት ጊዜ መገለጥ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ጨርሱ» አሉን።

ሥዕሎቹ እንዲጠራቀሙ የታሰበው አዲስ አበባ በሚገኘው የትምህርት ክፍላችን ኮምፒዩተር ላይ ነበር። በዚያ ሰፊ ዲስክ አለ፤ በየሌሊቱም ቅጂ ይወሰድለታል፤ ገጾቹን በስምና በዓመት የሚመዘግበው ፕሮግራምም የተጫነው በርሱ ላይ ነው። በእጃችን የነበረው አንድ አነስተኛ ላፕቶፕና አንድ ስካነር ብቻ ስለ ሆነ፥ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኮምፒዩተር በሪሞት ዴስክቶፕ ገባን። የመጀመሪያውን ገጽ ስካነሩ ላይ አስቀምጠን ፕሮግራሙን ብናዝዘው «ስካነር አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጠን። ስካነሩ ግን መብራቱ በርቶ ከፊታችን ተቀምጧል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ምሽት ጥያቄ ነው። በአንድ ቦታ የተነሣ ወረቀት በሌላ ቦታ ወዳለ ኮምፒዩተር የሚደርስባቸውን መንገዶች፥ የያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት፥ በመጨረሻም እኛ ከስሕተታችን የተማርነውን ለባልንጀሮቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ሪሞት ዴስክቶፕ ምን ያሳልፋል?

ሪሞት ዴስክቶፕ ማለት በሩቅ ያለ ኮምፒዩተርን እፊቱ እንደ ተቀመጡ ሆኖ ማዘዝ ነው። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል በመሠረቱ የሚመላለሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። ከኛ ወደዚያ የምንጫነው ፊደልና የማውሱ እንቅስቃሴ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደኛ ደግሞ የሩቁ ኮምፒዩተር ገጽ ሥዕል ይመጣል። ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ፋይሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ እኛ የምናየው ሥዕሉን ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ማይክሮሶፍት በ1998 ዓመት ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር በተባለው ሥርዓት አወጣ፤ የመነጋገሪያው ሕግም አርዲፒ ይባላል። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የወጣው ቪኤንሲ የተባለው ዘዴም በዚሁ አሳብ የተመሠረተ ነው።

ነገሩን በስልክ ልንመስለው እንችላለን። ሰው በስልክ ሲነጋገር ድምፁ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በእጁ የያዘው ዳቦ ግን አይደርስም። እንዲሁም በሪሞት ዴስክቶፕ ትእዛዛችን ይደርሳል እንጂ ከላፕቶፓችን ጋራ በገመድ የተያያዘው ዕቃ ለብቻው መንገድ ካልተከፈተለት በቀር ወዲያ አይሻገርም። አርዲፒ ለዚህ የሚሆኑ ልዩ ልዩ መተላለፊያዎች አሉት። ለድምፅ፥ ለማተሚያ፥ ለዲስክ፥ ለቅጂ ማስቀመጫ እያንዳንዳቸው መተላለፊያ ተሰጥቷቸዋል። ለተራ ስካነር ግን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መተላለፊያ የለም፤ ችግራችን የተነሣው ከዚህ ነው።

2. ስካነሩና አስተርጓሚው

የመጀመሪያው በኮምፒዩተር የተነሣ ሥዕል የተገኘው በ1957 ዓመት በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ነው። ራስል ኪርሽ የተባለው መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ሲክ ወደ ተባለው ኮምፒዩተር አስገባ። ሥዕሉ በወርድ 176፥ በቁመት 176 ነጥብ ነበረው። የዛሬው ስካነርም የሚሠራው በዚያው አሳብ ነው። መብራት በወረቀቱ ሥር እየተጓዘ ያበራል፤ በተርታ የተደረደሩ ብርሃን የሚለዩ ጥቃቅን ክፍሎችም የያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን በቍጥር ይለውጣሉ፤ እንዲህ እያለ ገጹ መስመር በመስመር ቍጥር ይሆናል።

ነገር ግን እያንዳንዱ የስካነር ዓይነት የራሱ ቋንቋ ስላለው፥ በስካነሩና በፕሮግራሙ መካከል ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የፕሮግራም ሠሪዎችና የስካነር ሠሪዎች እንዲግባቡ በ1992 ዓመት ትዌይን የተባለ የጋራ ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ የሥዕሉ ፕሮግራምና የስካነሩ አስተርጓሚ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ይነጋገራሉ። በኛ ዘንድ ግን ፕሮግራሙ አዲስ አበባ፥ አስተርጓሚው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። «ስካነር አልተገኘም» ማለቱ እንግዲህ ውሸት አልነበረም። በርሱ በኩል በእውነት ስካነር የለም።

3. የአንድ ገጽ ክብደት

መንገድን ከመምረጥ አስቀድሞ የሚጫነውን ጭነት ማወቅ ያስፈልጋል። ኤ4 የተባለው ወረቀት በወርድ 210፥ በቁመት 297 ሚሊሜትር ነው። ይህ ወረቀት በ300 ዲፒአይ፥ ይኸውም በያንዳንዱ ኢንች 300 ነጥብ ተደርጎ ሲነሣ፥ ወርዱ 2480 ቁመቱ 3508 ነጥብ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ 8,699,840 ነጥብ ይወጣል። ይህም ከኪርሽ ሥዕል ከ280 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በቀለም ሲነሣ ለያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ስለሚያስፈልግ ገጹ 26 ሜጋባይት ያህል ይከብዳል። በግራጫ ሲነሣ 8.7 ሜጋባይት ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ተደርጎ ሲነሣ ወደ 1.1 ሜጋባይት ይወርዳል።

አሁን የኢንተርኔቱ መላኪያ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። በባለ ቀለሙ ገጽ ላይ ምንም መጭመቅ ሳይደረግ ቢላክ 104 ሰከንድ፥ ግራጫው 35 ሰከንድ፥ ጥቁርና ነጩ ከ4 ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። መዝገቡ 600 ገጽ ቢኖረው ባለ ቀለሙ ያለ ዕረፍት 17 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ነገር ግን ሥዕሉ እዚሁ ሳለ በጄፔግ ተጨምቆ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ቢሆን፥ ያው 600 ገጽ በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው፥ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት መላኪያው ከመቀበያው እንደሚቀጥን ነው። ፊልም ያለ ችግር የሚታይበት መሥመር ሥዕል ሲላክበት ሊያዘግም ይችላል።

«እንግዲያስ ለምን ሁሉን ጥቁርና ነጭ አናደርገውም?» የሚል ይኖራል። እኛም በመጀመሪያ እንዲህ አስበን ነበር። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ የወደቀ ተማሪ ውጤት በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው፤ የተሰረዘና የታረመ ቍጥርም በእርሳስ ተነክቷል። ጥቁርና ነጭ አድርገን ስናነሣው ቀዩና ሰማያዊው አንድ ዓይነት ሆኑ፤ የእርሳሱም ምልክት ፈጽሞ ጠፋ። ለማስረጃ የሚፈለግ ወረቀት እንዲህ ሆኖ ቢቀመጥ ወድቆ የነበረውንና ያላለፈበትን ትምህርት ደግሞ የተማረውን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቀለም ያለውን መዝገብ በቀለም፥ ቀለም የሌለውን በግራጫ እንድናነሣ ወሰንን።

4. አራቱ መንገዶች

ሀ) ስካነሩን ራሱን ማሻገር። ስካነሩ የተሰካበትን የዩኤስቢ መሥመር እንዳለ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር የሚያሳልፍ ዘዴ አለ። ይህ ሲደረግ ስካነሩ ከላፕቶፑ ተለይቶ በሩቁ ኮምፒዩተር እንደ ተሰካ ይቈጠራል፤ አስተርጓሚውም የሚጫነው በዚያ ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ቢቀራረቡ መልካም ይሠራል። በሩቅ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ዩኤስቢ የተሠራው ለአጭር ገመድ ነውና በየጊዜው ጥያቄና መልስ ይለዋወጣል። አንዱ ምልልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፥ ተራ በተራ የሚደረግ 1000 ምልልስ 100 ሰከንድ ይወስዳል። መሥመሩ ጥቂት ቢቋረጥም ስካነሩ እንደ ተነቀለ ይቈጠራል፤ ገጹም ከመካከሉ ይቀራል።

ለ) አስተርጓሚውን ለሁለት መክፈል። ይህ ዘዴ ግማሹ ፕሮግራም እዚህ፥ ግማሹ እዚያ እንዲጫን ያደርጋል። በሩቅ ያለው ክፍል ለፕሮግራሙ «እኔ ስካነር ነኝ» ብሎ ይቀርባል፤ ትእዛዙን ተቀብሎ እዚህ ላለው ጓደኛው ይልካል፤ እዚህ ያለው ደግሞ እውነተኛውን ስካነር አሠርቶ ሥዕሉን በአርዲፒ መተላለፊያ ይመልሳል። ሳይልክ በፊት ሊጨምቀው ስለሚችል ከመጀመሪያው ዘዴ ይሻላል። በሩቅ ያለው ፕሮግራም ከራሱ ከስካነሩ ካልሆነ በቀር ሥዕል አልቀበልም ለሚልበት ሥራ ተገቢው ይኸው ነው። ነገር ግን በሁለቱም በኩል መጫንን፥ ብዙ ጊዜም መግዛትን ይጠይቃል።

ሐ) እዚህ አንሥቶ ፋይሉን ማሻገር። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። በላፕቶፑ የስካነር ፕሮግራም ገጹ ይነሣል፤ በፒዲኤፍ ወይም በጄፔግ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይሻገራል። ከ2001 ዓመት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ የላፕቶፑን ዲስክ በሩቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ግንኙነቱ ከመጀመሩ በፊት በሪሞት ዴስክቶፕ ማስተካከያ የአካባቢ ዕቃዎች በሚለው ክፍል ዲስኩ ይመረጣል፤ በዚያም በኩል «ቲኤስክላየንት» በሚል ስም ሥር ይታያል። ሁሉን ዲስክ ከመክፈት ግን ሥዕሎቹ ያሉበትን ፍላሽ ብቻ መክፈት ይገባል፤ ምክንያቱም የተከፈተውን ዲስክ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፉ ፕሮግራምም ሊነካው ይችላል።

መ) በሌላ መንገድ መላክ። በኔትዎርክ የተያያዙ ትልልቅ ስካነሮች ያነሡትን ሥዕል ራሳቸው ወደ ታዘዙበት ፎልደር ወይም ኢሜይል ይልካሉ። ፎልደሩ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሲሆን ይህ እጅግ ምቹ ነው። የዚህን የፎልደር መሥመር ለኢንተርኔት መክፈት ግን አደገኛ ነው፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ብዙ አገሮችን ያወከው ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም የተስፋፋው በዚሁ ዓይነት መሥመር ነበር። በኢሜይል ሲላክ ደግሞ የተያያዘው ፋይል በፊደል ስለሚለወጥ ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ጂሜይልም ከ25 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ከዚህ ሌላ እንደ ጉግል ድራይቭና እንደ ዋንድራይቭ ባሉ ማስቀመጫዎች መጠቀም ይቻላል። ሥዕሉ እዚህ ይጨመራል፥ በሩቁ ኮምፒዩተር ይወርዳል፤ መብራት ቢጠፋም ሲመለስ ሥራው ይቀጥላል።

5. የደረሰብን ስሕተት

እኛ የመረጥነው ሦስተኛውን መንገድ ነበር። የላፕቶፑ ዲስክ ስለ ሞላ ሥዕሎቹን በቀጥታ በፍላሽ ላይ አስቀመጥን። በሁለተኛው ቀን ማታ 46 ገጽ ካነሣን በኋላ ከኛ አንዱ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ፎልደሩን ከፈተ። 46ቱም ፋይሎች በተርታ ታዩ። ሁለቱን ገልጦ አየ፤ ጥሩ ነበሩ። «ደርሰዋል» አለን፤ እኛም አምነን ለነገው ሥራ ቦታ እንዲገኝ ብለን ፍላሹን አጸዳን።

በማግስቱ ስንገባ በትምህርት ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ አንድም ገጽ አልነበረም። ነገሩ ኋላ ገባን። ያ ፎልደር የታየው በአዲስ አበባው ኮምፒዩተር ገጽ ላይ ይሁን እንጂ፥ ፋይሎቹ የነበሩት ከላፕቶፑ በተሰካው ፍላሽ ላይ ነው። ወደ ሩቁ ዲስክ ማንም አልገለበጣቸውም። ሥዕሉ ከትምህርት ቤቱ ወደ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ዓይናችን ተመላልሶ አሳሳተን።

ስለዚህ መዝገቡ ዳግመኛ ተገለጠ። ጋሼ እንደ ተናገሩትም ሆነ፤ በሠላሳኛው ገጽ ላይ የታችኛው ማዕዘን ተቀንጥሶ በእጃችን ደቀቀ፤ የሁለት ተማሪዎች የዓመት ውጤትም ከርሱ ጋራ ሄደ። ጋሼ አልተቈጡም። ፍርፋሪውን በንጹሕ ወረቀት ሰብስበው በፖስታ ከተቱት፤ በላዩም የገጹን ቍጥር ጻፉበት። ሁለቱ ተማሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ አናውቅም፤ አንድ ቀን ማስረጃ ፈልገው ቢመጡ ግን የሚያገኙት ያንን ፖስታ ነው።

6. ከዚያ በኋላ የያዝነው ሥርዓት

አንደኛ፥ ፋይሎቹን ከሚታዩበት ፎልደር ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር ዲስክ እንገለብጣለን። ከዚያም የሪሞት ዴስክቶፑን ግንኙነት ዘግተን ፍላሹን እንነቅላለን፤ እንደ ገና ገብተን ፋይሎቹ ያለ ፍላሹ መኖራቸውን እናያለን። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም፤ የመጀመሪያውን ስሕተታችንን ግን ፈጽሞ ይከላከላል።

ሁለተኛ፥ እንቈጥራለን። የደብተሩ ገጾች፥ እዚህ ያሉት ፋይሎችና እዚያ የደረሱት ፋይሎች ቍጥራቸው አንድ መሆን አለበት። ለፋይሎቹ 001፥ 002፥ 003 የሚል ስም እንሰጣለን፤ 1፥ 2፥ 3 ከተባለ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያደርገዋልና።

ሦስተኛ፥ ቍጥር ብቻ አይበቃም። መብራት ወይም መሥመር ሲቋረጥ ግማሹ ብቻ የደረሰ ፋይል ስሙን ይዞ ይቀመጣል፤ ሲከፈት የላይኛው ክፍል ይታያል፥ የታችኛው ግን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 በተባለው ስሌት ማኅተም እናወጣለን። ይህ ማኅተም በ64 የፊደልና የቍጥር ምልክት የሚጻፍ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ቢለወጥ ማኅተሙ ይለወጣል። የዚህና የዚያ ማኅተም አንድ ከሆነ ፋይሉ ሳይጐድል ደርሷል። ማውጫው ትእዛዝ በዊንዶውስ ውስጥ ስለሚገኝ መግዛት አያስፈልግም።

አራተኛ፥ በሁለት ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥ ከፍላሹ ምንም አናጠፋም። ደብተሩም ቢሆን ሥዕሉ ደረሰ ተብሎ አይጣልም፤ ማኅተሙና ፊርማው ያለበት ዋናው እርሱ ነውና።

አምስተኛ፥ መዝገቡ የሰው ስምና ውጤት የያዘ ስለ ሆነ መንገዱ መጠበቅ አለበት። የሪሞት ዴስክቶፕ በር፥ ይኸውም ፖርት 3389፥ ለኢንተርኔት ሁሉ ክፍት ሆኖ መተው የለበትም፤ በቪፒኤን ወይም በልዩ መግቢያ በኩል መግባት ይገባል። አገራችንም የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ስለዚህ ጥንቃቄው የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ ወረቀትን በሩቅ ወዳለ ኮምፒዩተር ለማድረስ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ መንገድ የለም። ፕሮግራሙ ስካነሩን ራሱን የግድ የሚፈልግ ከሆነ አስተርጓሚውን ለሁለት መክፈል፥ ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ሕንጻ ካሉ በኔትዎርክ ፎልደር መላክ፥ መሥመሩ ቀጭንና የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ እዚህ አንሥቶ ጨምቆ ፋይሉን ማሻገር ይሻላል። በማናቸውም መንገድ ግን ሠራተኛው በየጊዜው ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ የማየው ፋይል አሁን በየትኛው ዲስክ ላይ ነው ያለው?» ሪሞት ዴስክቶፕ ሩቁን እንደ ቅርብ፥ ቅርቡን እንደ ሩቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፥ በዓይን መታየት የመድረስ ምስክር አይሆንም።

የቀሩትን መዝገቦች በሚመጣው ክረምት እንጨርሳለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ባልንጀሮቻችንና መምህራኖቻችን የተሻለ ዘዴ ቢያውቁ፥ ወይም በጽሑፋችን ስሕተት ቢያገኙ እንዲነግሩን በትሕትና እንጠይቃለን፤ ደብተሩ ሦስተኛ ጊዜ እንዲገለጥ አንፈልግምና።